ትንሹ አውሮፕላንና የልጃችን ጆሮ

ወደ ሩቅ የአገልግሎት ሥፍራ ለመሄድ የሚዘጋጅ ቤተ ሰብ ብዙ ነገር ያስባል። አጎበር፣ የወባ መድኃኒት፣ የውኃ ማጣሪያ፣ የሕፃኑ የክትባት ካርድ፣ የትልቁ ልጅ መጻሕፍት ሁሉ በወረቀት ላይ ይሰፍራሉ። በትንሽ አውሮፕላን ለመጓዝ እያንዳንዱ ኪሎ ስለሚቆጠር ዕቃው ብቻ ሳይሆን ተሳፋሪውም ሚዛን ላይ ይወጣል። ከዚያም ቤተ ክርስቲያን እጇን ጭና፣ ጸልያና ባርካ ትሸኛለች። በዚህ ሁሉ ዝግጅት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሕፃኑ ጆሮ ነው።

አብራሪው ከመነሣቱ በፊት የራሱን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያደርጋል። አጠገቡ ለሚቀመጠውም ሰው ይሰጣል። ከኋላ በእናቱ ጭን ላይ ያለው የአንድ ዓመት ልጅ ግን አንዳንድ ጊዜ ምንም ነገር ሳይደረግለት ጉዞው ይጀመራል። የአዋቂ ማዳመጫ ለራሱ አይሆነውም፤ ሌላም የለም። ልጁ ጥቂት አልቅሶ በሞተሩ ድምፅ እንቅልፍ ይወስደዋል። ወላጆችም “ይኸው ተኛ፣ ጩኸቱ አልረበሸውም ማለት ነው” ብለው ይጽናናሉ። ይሁን እንጂ ዓይን ክዳን ሲኖረው ጆሮ ክዳን የለውም። ልጁ ተኝቶም ጆሮው ያንኑ ጩኸት እየተቀበለ ነው።

ለመሆኑ ስለ የትኛው አውሮፕላን ነው የምንነጋገረው? ከአዲስ አበባ ወደ ክፍለ አገር ከተሞች በሚበረው ባለ ሁለት ሞተር ኪው ፎር ሃንድረድ ለሚጓዝ ቤተ ሰብ ጉዳዩ ያን ያህል አሳሳቢ አይደለም። የስሙ መጀመሪያ የሆነችው “ኪው” ራሷ ጸጥታን ለማመልከት የተሰጠች ናት፤ አውሮፕላኑ ንዝረትንና ድምፅን የሚቀንስ መሣሪያ ተገጥሞለታል፤ የውስጡ አየርም የተመጠነ ነው። በእርሱ የሚሄድ ወላጅ ከፕሮፔለሩ ትይዩ ካሉት ወንበሮች ራቅ ብሎ ቢቀመጥ ይበቃዋል። የእኛ ጉዳይ እንደ ሴስና 206 ያለው ባለ አንድ ሞተርና ስድስት መቀመጫ፣ ካራቫን የሚባለው ከእርሱ ከፍ ያለ፣ እንዲሁም በአጭር የሣር ሜዳ ላይ የሚያርፈው ትዊን ኦተር ነው። እነዚህ ጫካና ረግረግ ተሻግረው መንገድ ወደማይደርስበት የሚያደርሱ ናቸው፤ ነገር ግን ሞተራቸው ቅርብ፣ ግድግዳቸው ስስ ነው። የውስጥ አየራቸውም እንደ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች አይመጠንም።

የወንጌል ሥራ ለእነዚህ ትንንሽ አውሮፕላኖች ባለ ዕዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሚሽን አቪዬሽን ፌሎሺፕ፣ በአጭሩ ኤም ኤ ኤፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲመሠረት መሥራቾቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ክርስቲያን አብራሪዎች ነበሩ። በ1946 የመጀመሪያውን በረራ ወደ ሜክሲኮ ያደረገችው ቤቲ ግሪን የተባለች ሴት ነበረች። በጃንዋሪ 1956 በኢኳዶር ጫካ ከአራት ባልንጀሮቹ ጋር የተገደለው ኔት ሴይንትም የዚሁ ድርጅት አብራሪ ነበር። ዛሬም በደቡብ ሱዳን፣ በቻድ፣ በፓፑዋ ኒው ጊኒ የድርጅቱ አውሮፕላኖች ሐኪም፣ ወንጌላዊ፣ መጽሐፍ ቅዱስና በሽተኛ ያመላልሳሉ። ከእነርሱም ጋር ልጆች ይጓዛሉ። ከአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ድንበር ተሻግረው የሚያገለግሉ ቤተ ሰቦች ሲበዙ ይህ ጥያቄ የሌሎች አገር ሰዎች ጥያቄ ብቻ መሆኑ እየቀረ ነው።

ጩኸቱ ምን ያህል ነው?

የድምፅ ኃይል የሚለካው ዴሲቤል በሚባል መለኪያ ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲጫወቱ ወደ 60 ዴሲቤል ይሆናል። በአንድ ትንሽ ባለ ፒስተን ሞተር አውሮፕላን ውስጥ ግን በጉዞ ላይ ከ85 እስከ 95 ዴሲቤል የሚደርስ ድምፅ የተለመደ ነው፤ ሲነሣ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ስለሚሠራ ወደ 100 ሊጠጋ ይችላል። ቁጥሮቹ የተቀራረቡ መስለው ሊያታልሉን አይገባም። ዴሲቤል እንደ ሜትርና ኪሎ አይቆጠርም። ሦስት ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ወደ ጆሮ የሚገባው የድምፅ ኃይል እጥፍ ይሆናል።

በአሜሪካ የሠራተኞችን ጤንነት የሚያጠናው የመንግሥት ተቋም ለአዋቂ ሠራተኛ ያስቀመጠው ወሰን በዚህ ስሌት ላይ የቆመ ነው። ያለ መከላከያ በ85 ዴሲቤል ውስጥ በቀን 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል። በ88 ግን 4 ሰዓት ብቻ፣ በ91 ደግሞ 2 ሰዓት፣ በ94 አንድ ሰዓት፣ በ97 ግማሽ ሰዓት፣ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ የአንድ ሰዓት ተኩል በረራ የአዋቂውን ሰው የቀን ድርሻ ጨርሶ ሊያልፍ እንደሚችል ማስላት አያስቸግርም።

ይህ ወሰን ደግሞ ለሕፃናት የተሠራ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ሙዚቃን በማዳመጫ ስለ መስማት ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ሲል፣ ለልጆች ግን ለተመሳሳይ ሰዓት ወደ 75 ዝቅ አድርጎታል። ምክንያቱም ልጅ ገና ብዙ ዘመን የሚሰማበት ጆሮ ነው የያዘው። በዚያ ላይ የሕፃን የጆሮ ቀዳዳ ጠባብና አጭር በመሆኑ ቀጭን ድምፆች በውስጡ ከአዋቂው ይልቅ በርትተው ይሰማሉ። ደግሞም አዋቂው “ጆሮዬን አመመኝ” ብሎ ይናገራል። የስምንት ወር ልጅ ግን ያለቅሳል፤ ለቅሶውንም ረኃብ ነው፣ ሙቀት ነው ብለን እናልፈዋለን።

በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ ትንሽ አካል አለ። በእርሱም ውስጥ ከ15,000 ያላነሱ በጣም ረቂቅ ፀጉር መሳይ ሕዋሳት ተሰልፈው ድምፅን ወደ አንጎል በሚሄድ ምልክት ይለውጣሉ። ሰው ሲወለድ ይዟቸው የሚመጣው እነዚህን ብቻ ነው። የሚያስገርመው የዶሮ ጆሮ የሞተውን ሕዋስ በአዲስ የሚተካ መሆኑ ነው። የሰው ግን አይተካም። ኃይለኛ ጩኸት መጀመሪያ ያደክማቸዋል፤ ለዚህ ነው ከጉዞ በኋላ ለሰዓታት ጆሯችን የተደፈነ የሚመስለን። ድካሙ ሲደጋገም ግን ይሞታሉ። አስቀድመው የሚሞቱትም ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት ናቸው።

ይህ በቋንቋችን ምን ማለት እንደ ሆነ ለአፍታ እናስብ። “ሰ”፣ “ፈ”፣ “ተ”፣ “ጸ” የሚባሉት ፊደላት ድምፅ ቀጭን ነው። በዚያ በኩል መስማቱ የተቀነሰበት ልጅ ስሙ ሲጠራ ይሰማል፤ በር ሲንኳኳ ይሰማል፤ ስለዚህ ማንም ደንቆሮ ነው ብሎ አይጠረጥረውም። ቃላቱን ግን ያምታታል። ሰንበት ትምህርት ቤት ከኋላ ተቀምጦ አስተማሪዋ የምትለውን ግማሹን ያጣና ከጎኑ ያለውን ልጅ መነካካት ይጀምራል። “ይህ ልጅ አይታዘዝም፣ ልቡ ሌላ ቦታ ነው” ይባልበታል። ባልሰማው ነገር የተገሠጸ ልጅ በየአጥቢያችን አይኖርም ብላችሁ ነው?

እዚህ ላይ ግን ፍርሃት እንዳንዘራ መጠንቀቅ ይገባናል። አንድ የአርባ ደቂቃ በረራ ልጅን ያደነቁራል ማለታችን አይደለም። ጉዳቱ የሚጠራቀም ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚጓዝ ቤተ ሰብና በየወሩ ወደ ከተማ የሚመላለስ፣ ወይም አባት ራሱ አብራሪ የሆነበት ቤተ ሰብ እኩል አይደሉም። ቢሆንም ለአንዷም ጉዞ ቢሆን መከላከያውን ማድረግ ቀላል ስለሆነ ለመተው ምክንያት አይገኝም።

ጸሎትና መከታ

በዚህ ጉዳይ ባልና ሚስት ሳይስማሙ የሚቀሩበት ጊዜ አለ። አንደኛው “የጠራን ጌታ ልጃችንን ይጠብቃል፤ ስንት ልጆች በዚህ አውሮፕላን አድገው የለም ወይ?” ይላል። ሌላይቱ ደግሞ ሌሊቱን በሐሳብ ስትገላበጥ ታድራለች፤ ስጋቷን ብትናገር እምነት የጎደላት እንዳትባል ትፈራለች። ይህ ዝምታ ከአውሮፕላኑ ጩኸት ያላነሰ ጉዳት አለው ባይ ነኝ።

ቃሉ ጥንቃቄን የእምነት ተቃራኒ አድርጎ አያቀርብልንም። በነህምያ መጽሐፍ ምዕራፍ 4 ላይ ቅጥሩን የሚሠሩት ሰዎች ወደ አምላካቸው ከጸለዩ በኋላ ሌሊትና ቀን የሚጠብቁ ሰዎችንም አቁመዋል። በዘዳግም 22 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ እስራኤላዊ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ያ ሰው መከታውን በመሥራቱ እግዚአብሔርን አልተጠራጠረም። በቤቱ ጣሪያ ላይ የሚሮጡትን ልጆች ወደደ እንጂ። የልጅ ጆሮ መከላከያም ከዚያ የተለየ ነገር አይደለም። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ በምዕራፍ 10 እምነትን ከመስማት ጋር ማያያዙን፣ ትንሹ ሳሙኤልም በሌሊት የተጠራው በጆሮው መሆኑን ለሚያስታውስ ወላጅ ጉዳዩ ከሕክምናም ያልፋል።

ይህን ስንል መስማት የተሳናቸውን ወገኖቻችንን አንዘነጋም። እግዚአብሔር በእጅ ምልክት ለሚነጋገሩትም ይናገራል፤ በሆሳዕና ያለው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ለዚህ ሕያው ምስክር ነው። መስማት አለመቻል እርግማን አይደለም። ነገር ግን የተሰጠንን በቸልታ ማጣትን በዚህ ልናመካኝ አንችልም።

ስለዚህ ባልና ሚስት ገና አገልግሎቱን ለመቀበል ሲጸልዩ ይህንንም አብረው በጠረጴዛ ላይ ያምጡት። ጉዞው ስንት ሰዓት ነው? በዓመት ስንት ጊዜ ነው? ልጁ ጉንፋን ቢይዘው በረራውን ማዘግየት ይቻላል? ላኪው ቤተ ክርስቲያን ወጪውን ያውቀዋል? እነዚህን መጠየቅ ጥሪን መጠራጠር አይደለም።

ምን እናድርግለት?

ከሁሉ የሚሻለው ጭንቅላት ላይ በቅስት ተይዞ ሁለቱንም ጆሮ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ለሕፃን ተብሎ የተሠራ የጆሮ ሽፋን ነው። ኤርማፍ ይሉታል። ለጨቅላ የሚሆነው ቅስቱ ከፕላስቲክ ይልቅ ሰፊና ለስላሳ የላስቲክ ጥብጣብ ነው፤ የራስ ቅሉ ገና ያልጠና ሕፃን ጠንካራ ቅስት ሊጨመቅበት አይገባምና። ለሕንፃና ለፋብሪካ ሠራተኞች የሚሸጠው የአዋቂ ሽፋን ለሕፃን አይሆንም። ሰፍቶ ጉንጩ ላይ ይወርድና በታች በኩል ክፍተት ይተዋል። በትንሽ ክፍተት የሚገባው ድምፅ ደግሞ የሽፋኑን ጥቅም አብዛኛውን ያጠፋዋል። በአገር ውስጥ ለሕፃን የሚሆነውን ማግኘት ሊያስቸግር ስለሚችል ከውጭ አገር ለሚመጣ ዘመድ ወይም ለላኪው ድርጅት ቀደም ብሎ መንገር ይጠቅማል። የልጁን ዕድሜ ብቻ ሳይሆን የጭንቅላቱን ዙሪያ ለክቶ መላክ ብልህነት ነው።

በማሸጊያው ላይ ድምፅ የሚቀንስበት መጠን በዴሲቤል ተጽፎ ይገኛል፤ 20 ወይም 25 ሊል ይችላል። ያ በቤተ ሙከራ ተስተካክሎ በተደረገ ጊዜ የተለካ ነው። በሚንፈራገጥ ልጅ ጭንቅላት ላይ ከዚያ ያነሰ ነው የሚገኘው። ቢሆንም 94 የነበረው ወደ 80 ቢወርድ እንኳ ወደ ጆሮው የሚደርሰው የድምፅ ኃይል ከሃያ አምስት እጅ አንዱ ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

ጥጥስ? ብዙ እናቶችና አያቶች የሚጠይቁት ይህንን ነው። ጥጥ ነፋስ ይከላከል ይሆናል እንጂ ድምፅን እምብዛም አይመልስም፤ ወላጅን ብቻ ያረጋጋል። በጣት ተጠቅልሎ ወደ ጆሮ የሚገባው ስፖንጅ ለአዋቂ በጣም ጥሩ ነው። ለትንሽ ልጅ ግን ቀዳዳው ስለሚጠብብ በደንብ አይገባም፤ ልጁም አውጥቶ ወደ አፉ ሊከተውና ሊያንቀው ይችላል። ስለዚህ ለሕፃን አይመከርም።

ሦስትና አራት ዓመት የሞላቸው ልጆች ከአብራሪው ጋር የሚያነጋግር የልጆች ማዳመጫ ቢያደርጉ ደስ ይላቸዋል። ዴቪድ ክላርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአረንጓዴ ማዳመጫዎቹ በአብራሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ለልጅ ራስ የሚሆን ዓይነትም ይሠራል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በማዳመጫው የሚመጣው የሬዲዮ ድምፅ ራሱ ከፍ ካለ ጥቅሙ ይቀራል። አባት አስቀድሞ በራሱ ጆሮ ሰምቶ፣ መቆጣጠሪያውን ዝቅ አድርጎ ከዚያ ለልጁ ይስጠው። ለሙዚቃ የሚሸጠውን ተራ ሄድፎን አድርጎ መዝሙር መክፈት ደግሞ የባሰ ነው። ሞተሩን ለማሸነፍ መዝሙሩ ይጨመራል፤ ልጁም ሁለት ጩኸት በአንድ ጊዜ ይሰማል።

ሽፋኑ በደንብ መያዙን እንዴት እናውቃለን? ትልቁን ልጅ ሽፋኑን በእጃችሁ ጫን አድርጋችሁ “አሁን ጩኸቱ ቀነሰ?” ብላችሁ ጠይቁት። ቀነሰ ካለ ቀድሞ በደንብ አልያዘም ነበር ማለት ነው። ለሕፃኑ ግን ጣታችሁን በትራሱ ዙሪያ አስኪዱ። ወፍራም ሹሩባ፣ የሹራብ ቆብ፣ የጆሮ ጌጥ፣ መነጽር ሁሉ ክፍተት ይፈጥራሉ። ለጉዞ ቀን ሴት ልጃችንን አሳምረን የምንሠራት ሹሩባ ከጆሮዋ በላይና በታች እንዳያብጥ ቀጠን ተደርጎ ቢሠራ መልካም ነው። ሕፃኑ ደረታችን ላይ ተደግፎ ሲተኛ አንደኛው ሽፋን ተገፍቶ ሊነሣ ይችላል፤ በየጥቂት ደቂቃው ማየት ያሻል።

ልጅ የማያውቀውን ነገር ጭንቅላቱ ላይ አይታገስም። ስለዚህ ከጉዞው ሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት በቤት ውስጥ ይለማመድ። መጀመሪያ አባት ያድርገው፣ ቀጥሎ እናት፣ ከዚያ አሻንጉሊቱ፣ በመጨረሻ ልጁ። አባቱ ያላደረገውን የሁለት ዓመት ልጅ እሺ ብሎ አያደርግም። ጆሮው ሲሸፈን ድምፃችን ስለማይሰማው “ውኃ”፣ “ሽንት”፣ “አመመኝ”፣ “ደርሰናል” የሚሉትን በእጅ ምልክት አስቀድሞ መስማማትም ጨዋታ ይሆንለታል። ሽፋኑንም በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት። በእናት እጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፤ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ይደረግ፣ ቆሞ ፕሮፔለሩ ጸጥ እስኪል አይውለቅ።

አውሮፕላኑ ሲወርድ

ከጩኸቱ ሌላ የአየር ግፊት የሚያመጣው ሕመም አለ። ይህ ሌላ ጉዳይ ቢሆንም በአንድ ጉዞ የሚያጋጥም ስለሆነ አንነጣጥለውም። ከጆሮ ታምቡር በስተ ጀርባ ያለው ክፍል ከጉሮሮ ጋር የሚገናኘው በቀጭን ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ በልጆች አጭር፣ ጠባብና አግድም የተኛ በመሆኑ ቶሎ ይዘጋል። አውሮፕላኑ ሲወጣ አየሩ በቀላሉ ያመልጣል፤ ሲወርድ ግን ካልተከፈተ የውጪው ግፊት ታምቡሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

የአገራችን መልክዓ ምድር ይህን ያከብደዋል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ጋምቤላ ግን ወደ 500 ሜትር ብቻ ነው። ተራሮቹን ለማለፍ በ3,500 ሜትር የበረረ ትንሽ አውሮፕላን ጋምቤላ ለማረፍ 3,000 ሜትር መውረድ አለበት። በተለመደው ፍጥነት፣ በደቂቃ 150 ሜትር ያህል ቢወርድ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል። አብራሪው በደቂቃ ወደ 90 ሜትር ቢቀንስለት ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ ለሕፃኑ ግን ትልቅ እፎይታ ነው። “ሕፃን ይዘናል፤ የሚቻል ከሆነ ቀስ ብለህ ውረድልን” ብሎ ከመነሣት በፊት መጠየቅ ነውር የለበትም። የአየር ጠባዩና የማረፊያው ሁኔታ ከፈቀደ አብራሪዎች በደስታ ያደርጉታል። ግፊቱ ይበልጥ የሚለወጠው ወደ ታች በቀረብን መጠን ስለሆነ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች በተለይ መጠበቅ ያስፈልጋል።

መውረድ ሲጀመር የተኛውን ልጅ ቀስቅሱት። የተኛ ልጅ ብዙ ጊዜ ስለማይውጥ ቱቦው አይከፈትም። ጡት የሚጠባውን አጥቡት፤ ጡጦ ያለውን ጡጦ ስጡት፤ ትልቁን በቀሰም ውኃ አስመጥጡት። ይህን ሁሉ ሽፋኑን ሳያወልቁ ማድረግ ይቻላል። እምቢ ብሎ ቢያለቅስም እናቲቱ አትሸማቀቅ፤ ለቅሶ ራሱ ቱቦውን ይከፍታል። ልጁ ጉንፋን ወይም የጆሮ ሕመም ካለበት ግን ከጉዞው በፊት ሐኪም ይየው፤ በረራውን በጥቂት ቀናት ማዘግየት ብዙ ጊዜ የሚሻለው መንገድ ነው።

ነፍሰ ጡር ለሆነች እኅትም አንድ ቃል አለን። በማኅፀን ያለ ሕፃን በስድስተኛው ወር አካባቢ ለድምፅ መልስ ይሰጣል። እናቲቱ ጆሮዋን ብትሸፍን የምትጠብቀው የራሷን ነው፤ ሽፋኑ ለፅንሱ አይደርስም። የእናት ሰውነት ድምፁን በከፊል ስለሚያለዝበው አንድ ጉዞ ሊያስደነግጣት አይገባም። በየሳምንቱ የምትበር ከሆነች ግን ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር፤ በተለይ ሞተሩ እየሠራ ከውጭ በአውሮፕላኑ አጠገብ አትቁም።

ከአውሮፕላኑ ውጭ

ይህ የመጨረሻው ነገር የሚመለከተው የሚጓዙትን ብቻ አይደለም። በገጠር ማረፊያ አውሮፕላን ሲመጣ የመንደሩ ልጆች ሁሉ እየሮጡ ይወጣሉ። የእንደ ካራቫን ያለው ተርባይን ሞተር ፉጨት ከውጭ ሲሰማ ከውስጡ ይልቅ ይበረታል። የሚሲዮን ጣቢያው ልጆች ደግሞ በየሳምንቱ በዚያ ይቆማሉ። ፕሮፔለሩ ለሕይወት አደገኛ ስለሆነ ልጆችን ማራቅ የተለመደ ነው፤ ከዚያው ላይ ጥቂት እርምጃ ጨምሮ ማራቅ ጆሯቸውንም ያድናል።

ከአውሮፕላን ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው አንባቢም ቢሆን ይህን መጽሔት ወደ ገዛበት አዳራሽ መለስ ብሎ ይመልከት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ መድረኮች ባወጣው መመዘኛ ከፍተኛው አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ጠይቋል። ያውም በፈቃዳቸው ለሚመጡ ሰዎች ነው። እኛ ደግሞ ልጆቻችንን ከስፒከሩ ሥር አስቀምጠን ሁለትና ሦስት ሰዓት እናመልካለን። የድምፅ ባለሙያ ወንድሞች ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለአውሮፕላን የተገዛው ሽፋን እሁድ ጠዋትም ሥራ አያጣም።

ከጉዞ በኋላ ልጁ ጆሮውን ደጋግሞ የሚነካ፣ ሲጠሩት የማይዞር፣ የሬዲዮውን ድምፅ የሚያስጨምር ከሆነና በሁለት ቀን ካልተሻለው ወደ አንገት በላይ ሐኪም ይወሰድ። በአገራችን ሕፃናት ሲወለዱ የመስማት ምርመራ ማድረግ ገና የተለመደ ስላልሆነ ወደ ሩቅ ሥፍራ የሚሄድ ቤተ ሰብ ከመነሣቱ በፊት አንድ ጊዜ ቢያስመረምር ኋላ ለማወዳደር ይረዳዋል። ልጁ በሕፃንነቱ ጄንታማይሲን የተባለውን መርፌ ወስዶ ከነበረም ለሐኪሙ ይነገር። ይህ መድኃኒት ሕይወት የሚያድን ቢሆንም ጆሮን ሊጎዳ ይችላል፤ ከጩኸት ጋር ሲደመር ጉዳቱ ይብሳል።

ሽፋኑ ራሱም ይታይ። ትራሱ በፀሐይና በላብ ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ትራስ ድምፅ ያስገባል። ልጁም በዓመት ከመንፈቅ ያህል ጊዜ ውስጥ ሊያድግበት ይችላል። ያን ጊዜ በሳሙና ውኃ በረጠበ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ትራሱ ተፈትሾ፣ በዚያው ማረፊያ ለሚመጣው ቀጣይ ቤተ ሰብ ይተላለፍ።